ምስማር ያለበት አመድ

ሜይን፣ መጋቢት መጨረሻ

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? ድመትሽ አሁንም ደረጃው ላይ ተኝታ ሰው ትጥላለች? እኛ እዚህ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ለወግ ያህል አይደለም። ይህን የምጽፍልሽ በአባባ ወጥ ቤት፣ ካፖርቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀምጬ ነው። ወንዙ ገና በረዶ እንደለበሰ ነው። ከማዶ ያለው የካናዳ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ግን መንጠብጠብ ጀምሯል።

ከገና በፊት በላክሽው ደብዳቤ፣ ያ ቤት እስከ ጥምቀት ካልሞቀ ራስሽ መጥተሽ አባባን ወደ ኮነቲከት እንደምትወስጃቸው፣ ክፍሉንም እንዳዘጋጀሽላቸው ጽፈሽልኝ ነበር። በጥምቀት ደውለሽ ሞቀ ወይ ስትዪኝ ሞቀ አልኩሽ። እውነቴን ነበር፤ እንዴት እንደሞቀ ግን አልነገርኩሽም። ነጋዴ ያልተቋጨ ጉዳይ አያወራም። አሁን ተቋጭቷልና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባባም ፈቅደዋል። "እሷ ትወቅ፤ ባሏ ግን አይወቅ" ነው ያሉኝ። እንግዲህ አንብበሽ ስትጨርሺ የት እንደምታስቀምጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ነገሩ የጀመረው በአመድ ነው። ኅዳር ላይ የጭስ ማውጫቸውን ልጠርግ ሄድኩ። በየዓመቱ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ አሮጌ ምድጃ አድሶ የሚሸጥ ሰው የአባቱን ጭስ ማውጫ በሌላ ካስጠረገ ማን ምድጃ ይገዛዋል? ምድር ቤት ያለው የናፍጣ ማሞቂያ ጠፍቶ አገኘሁት። ለምን ብላቸው ለከባዱ ብርድ ቆጥቤው ነው አሉኝ። ፎቁን ዘግተው፣ በየበሩ ሥር ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አልጋቸውን ወደ ወጥ ቤት አውርደው፣ በእማማ የብረት ምድጃ ብቻ ይኖሩ ነበር። ደጅ ላይ ግን የተከመረ ማገዶ አልነበረም።

የምድጃውን የአመድ መሳቢያ ስስበው ከበደኝ። አመድ ደግሞ አይከብድም። በጣቴ ብቆፍረው ምስማር ነው። የድሮ፣ አራት ማዕዘን ያለው፣ በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር፣ እፍኝ ሙሉ። እንዲህ ያለ ምስማር በዚህ መንገድ ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአባባ አያት በሠሩት በረት ውስጥ።

ማስታወሻ ደብተሬን ታውቂዋለሽ፤ የገዛሁትን፣ የሸጥኩትን፣ የሰማሁትን በየቀኑ እጫጭርበታለሁ። ለዚያ ዕለት "አመድ፤ ምስማር" ብቻ ነው የሚለው። ሌላ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም።

ወደ በረቱ ሄድኩ። ከመንገድ ስታዪው ያው የምታውቂው በረት ነው፤ ቀይ ቀለሙ የለቀቀ፣ በሩ የተዘጋ። ውስጡ ግን ባዶ ሆኗል። የላሞቹ ጋጣ የለም። የድርቆሹ ቆጥ የለም። መሰላሉም የለም። ወለሉ እስከ ግማሽ ተነቅሏል። አባባ ከሰማንያ ባለፈ ዕድሜያቸው፣ በመጋዝና በምስማር መንቀያ፣ ከመንገድ የምትታይ አንዲት ጣውላ ሳይነኩ፣ በረታቸውን ከውስጥ ሲበሉት ከርመዋል። ይባስ ብለው ጣሪያውን ደግፈው የያዙትን አጋዳሚዎች ጀምረዋቸዋል። ላዩ ላይ ደግሞ በረዶ መከመር ጀምሯል።

ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ፊቴን አይተው እሳቸው ጀመሩ።

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"ከመንገድ ይታያል?"

"አይታይም።"

"እንግዲያው ምን ሆንክ?" አሉና ሻያቸውን ቀዱ።

ብርዱ እንዳልሆነ ያስጨነቃቸው ያኔ ገባኝ። ትንሽ ላስቃቸው ብዬ፣ የቦስተን ሀብታሞች ለጌጥ ግድግዳቸው ላይ የሚለጥፉትን ጣውላ በሻይ ጀበና ሥር እየማገዱ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "ጥሩ ይነድዳል" አሉ።

የማሞቂያ ድጎማ ለምን እንደማይጠይቁ ሳነሳባቸው ፊታቸው ጠቆረ። ለረጅም ጊዜ ምድጃውን ሲቆሰቁሱ ቆዩና አንቺም እኔም ሰምተነው የማናውቀውን ነገሩኝ። አባባ ልጅ ሳሉ አያታችን ግንድ ሲቆርጡ እግራቸው ተሰበረ። በዚያ የበረዶ ወራት ከተማው ማገዶ ሰጣቸው። በዚያን ዘመን በከተማው ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ የድሆች ገጽ የሚባል ነበር፤ ለማን ምን እንደተሰጠ በስም ይታተማል። ነዋሪው ሁሉ ተሰብስቦ በጀት በሚያጸድቅበት በመጋቢቱ የከተማ ጉባኤ ያንን ገጽ የሚያነቡት ደግሞ አሮጌው ሶሲዬ፣ የጎረቤታችን የጊልማን አባት ነበሩ። የአያታችንን ስም ጠሩ፣ "ማገዶ" አሉ፣ ከመጽሐፉ ቀና ብለውም "ለመሆኑ ደርቆ ነበር?" ሲሉ ጨመሩበት። አዳራሹ ሳቀ። በማግሥቱ ጊልማን ቀልዱን ትምህርት ቤት ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲያ አባባ ትምህርት እስኪያቋርጡ ድረስ ስማቸው ኦሬል መሆኑ ቀርቶ "ደረቁ ማገዶ" ሆነ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ገጽ እንደሌለ፣ መጽሐፉ ላይ ስሙ የሚወጣው ግብር ያልከፈለ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። "መጽሐፉ ቢተወው አፍ አይተወውም" አሉ፤ "አፍ ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም።" ለአንቺ እንዳልናገርም አስጠነቀቁኝ። ከነገርሽኝ ክፍል ይልቅ ይህ ወጥ ቤት ይሻላቸዋል፤ ከአንቺ ቤት ወንዙ አይታይም። ከእኔ ልውሰድ አላሉኝም፤ እኔም ልስጥ አላልኩም። ዘንድሮ ሰው አሮጌ ምድጃ አልገዛም።

ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ለአባቴ ሙቀት መሸጥ ሲያቅተኝ ግን ተናደድኩ። ለበረቱ ጣሪያ ከጫካ ድጋፍ ቆርጬ አቆምኩለትና ድጎማውን ወደሚሰጠው እርዳታ ቢሮ ሄድኩ፤ ያ ቀድሞ ጫማ ይሸጥበት የነበረው ቤት ነው። የማሞቂያውን ጉዳይ የምትይዘው ኮሪን የምትባል ሴት ናት። ገና በሩን ስከፍት በስሜ ጠራችኝና፣ ምነው፣ የጎደለ ወረቀት አለ እንዴ አለችኝ። ዛሬስ የመጣሁት ለሌላ ሰው ነው አልኳት። ኮሪንን ከየት እንደማውቃት አትጠይቂኝ፤ ነጋዴ የማያውቀው በር የለም።

ሁሉንም ነገርኳት፤ የድሆችን ገጽ፣ የሶሲዬን ቀልድ፣ የበረቱን ነገር። አልሳቀችም፤ አላዘነችም። ሐሙስ እቤት እመጣለሁ አለች።

መጣች። ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ከቦርሳዋ የቤት ጫማ አውጥታ አጠለቀችና ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጠች። አባባ እንግዳ እንግዳ ነውና ከጎረቤት በሊጥ ተሸፍኖ ተጋግሮ የተላከላቸውን የሥጋ ፓይ ቆርጠው አቀረቡላት። እሷም ገንዘቡ በሰው እጅ እንደማይሰጥ፣ በቀጥታ ለናፍጣ ነጋዴው እንደሚገባ፣ ማሞቂያውንም እንደሚያድሱላቸው፣ በመስኮቱ የሚገባውንም ነፋስ መጥተው እንደሚደፍኑ በዝግታ አስረዳቻቸው። አባባ እየሰሙ አልነበረም። የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር።

"ጊልማን ሶሲዬ ከእናንተ ይወስዳል?" አሏት በመሃል።

"ማን?"

"ጊልማን። ያ ጠማማ አጥር ያለው።"

"እዚህ መንገድ ላይ ያለ አጥር ሁሉ ጠማማ ነው፤ በረዶ ገፍቶት" አለች።

"እሺ፣ ይወስዳል ወይስ አይወስድም?"

"ጋሽ ኦሬል፣ ፓዩ ይጣፍጣል" አለችና ሌላ ቁራሽ ቆረጠች።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች። አባባ አልፈረሙም። ወረቀቱን አንስተው ከጨው ዕቃው ሥር አስቀመጡት፤ አልቀደዱትም። ይህን በበጎ ቆጠርኩት። ገዢ ዕቃውን ጥሎ ካልወጣ ገና ገበያ አለ።

ከዚያ የናፍጣ ቦቴ የሚነዳው ሬኖ ለጎረቤት አድርሶ ሲመለስ፣ አባባ ያለ ቆብ መንገድ ላይ ወጥተው አስቆሙት። ሬኖን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ያደገው። የመንገዳችንን ሰው ሁሉ ታንከር የሚሞላው እሱ ነው፤ አፉም እንደ ቦቴው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የማን የበረዶ ላይ ሞተር ብስክሌት ወንዙ ውስጥ እንደሰጠመ፣ የማን ሚስት ለእናቷ ምን እንዳለች፣ ሁሉንም ከሱ ትሰሚያለሽ። አባባ ሆን ብለው መረጡት። ምሥጢር የማይቋጥር ወንፊት ካለ እሱ ነው።

ቡና ቀዱለት። ቀጥለውም ድጎማ የሚወስደው ማን ማን እንደሆነ ጠየቁት።

"ጋሽ ኦሬል፣" አለ ሬኖ፣ "በዚህ መንገድ ሙሉውን ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ብቻ ባደርስ ኖሮ ቁርሴ ሳይበርድ ቤቴ እገባ ነበር።"

"ጊልማንስ?"

"ጊልማን አሳማ አርዷል። ሰምተዋል?"

"አሳማውን አልጠየቅሁህም።"

"ሲሰቅሉት ገመዱ ተበጠሰና አማቹ ላይ ወደቀ። አማቹ ደህና ነው። አሳማው ግን..."

"ሬኖ፣ አንተ የገዛ እናትህን ኑዛዜ ለመንገደኛ ያወራህ ሰው ነህ።"

"ልክ ነው፤ አውርቻለሁ" አለ ሬኖ፣ እንዳፈረም አልመሰለኝ። "ይቺን ግን አላወራም።"

"በጭስ ያደረቅሁት ዓሣ አለኝ። ሳጥን ሙሉ።"

"እርስዎማ ዓሣ ማጨስ ያውቁበታል" ብሎ ተነሣ፤ ቡናውን ጨልጦ፣ ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

አባባ ቦቴው ከኩርባው እስኪሰወር በመስኮት ተመለከቱት። ዘወር አሉና፦

"የጊልማንን ለእኔ ካልነገረኝ የእኔንም ለጊልማን አይነግረውም ማለት ነው። እስክሪብቶ አምጣ" አሉ።

እትዬ፣ ስንት ልመና፣ ስንት ክርክር፣ ስንት ብልሃት አባክኛለሁ። አባታችንን ያሳመናቸው ግን ሁለት ሰዎች ያልተናገሩት ነገር ነው።

ናፍጣው ከጥምቀት በፊት ደረሰ። ታንከሩ ሲሞላ ያ ፉጨት ከምድር ቤት ሲመጣ ታስታውሻለሽ? ልጆች ሆነን ባቡር ነው እያልን እንጫወትበት የነበረው። አባባ ደረጃው አናት ላይ ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ፉጨቱ እስኪያበቃ ድረስ እንደ ቅዳሴ አዳመጡት። ሠራተኞች መጥተው ማሞቂያውን ጠረጉ፤ መስኮቶቹን ደፈኑ፤ የውኃ ቧንቧውን ሸፈኑ። አንዱ ለመስኮት የተረፈውን ቁራጭ ይዞ እማማ ልብስ ይሰፉበት የነበረውን የትንሿን ክፍል ስንጥቅ ሳይለመን ደፈነልን። በዚያ ሳምንት አልጋቸውን ፎቅ መልሰን አወጣን። ጠዋት ሲነቁ ወንዙን ያያሉ።

ማንን እንደሚያመሰግኑ ጠፋቸው። ለኮሪን ያንን የዓሣ ሳጥን ላኩላት። ስጦታ መቀበል አልተፈቀደላትም፤ ስለዚህ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። ጥሩ ተጨሶ ነበር።

አሁን ደግሞ ክፉውን ልንገርሽ። የካቲት ላይ ያ እርጥብና ከባድ በረዶ ጣለ። ያቆምኩት ድጋፍ አልበቃም፤ በረቱ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። ግን ቀይ ግድግዳው በአራቱም ማዕዘን ተዘርግቶ ሲተኛ ውስጡ ምን እንዳልነበረ ለመንገደኛ ሁሉ ተገለጠ። አባባ ከወጥ ቤት አልወጣም አሉ። ያን ያህል ወራት የደበቁት ገመና በአንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ተሰጣ።

መጀመሪያ የመጣው ጊልማን ሶሲዬ ነበር። ማንም ሳይጠራው፣ በትራክተሩ። ያን ጊዜ አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይወጡም ነበር። ጊልማን ከትራክተሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ፤ እሱም አርጅቷል። ፍርስራሹን ዞረ። ጣውላ በእግሩ ገለበጠ። በወጣትነቱ በረት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ጋጣ የሌለው፣ ቆጥ የሌለው በረት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከአንዱ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ አዲሱን የመጋዝ ምልክት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አባባ እሱን ይመለከታሉ። እኔ ሁለቱንም እመለከታለሁ። "ደርቆ ነበር?" የሚለውን ቃል እጠብቅ ነበር ብልሽ አልዋሽሁም።

"ነፋስ ነው" አለ ጊልማን።

በዚያ ሳምንት ነፋስ አልነበረም።

አባባ አንድ የወደቀ ጣውላ አነሡና "አዎ፣ ነፋስ ነው" አሉ።

እስከ ምሳ ድረስ ፍርስራሹን ስናነሣ ዋልን፤ ሌላ ቃል አልተነገረም። ሊሄድ ሲል ብቻ ጊልማን ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ "ኦሬል፣ ጣውላውን ለዚህ ልጅህ እንዳትሰጠው፤ ይሸጥብሃል" አለ። አባባም "የሬሳ ሣጥኔንም እኔ ውስጡ ሳለሁ ይሸጠዋል" አሉ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጣውላውን በእርግጥ ሸጬዋለሁ፤ በጥሩ ዋጋ። እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ባለፈው ሳምንት የከተማው ጉባኤ ነበር። አባባ እማማ ከሞቱ ወዲህ ረግጠውት አያውቁም። ዘንድሮ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ጠበቁኝ። እንደ ድሮው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ኋላ የሴቶች ማኅበር የባቄላ ወጥ ይሸጣል፤ ፊት ሰብሳቢው እያንዳንዱን ጉዳይ ያነብባል። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ወጪ በድምፅ አለፈ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ አለፈ። ከዚያ ከተማው በየዓመቱ ለኮሪን ቢሮ የሚያዋጣው ገንዘብ ተነበበ።

በቅርቡ ከደቡብ የመጣ አንድ ሰው ተነሣና በጨዋ ደንብ ጠየቀ፤ የራሱን ማሞቂያ ራሱ የሚከፍል ሰው የሌላውንም ለምን ይከፍላል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄውም ነውር የለበትም። ግን ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ሕዝብ የገዛ ጫማውን እንደዚያ አጥብቆ ሲመለከት አይቼ አላውቅም። ሬኖ እንኳ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ሰብሳቢው የሚደግፉ እጃቸውን ያንሡ አለ። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚነሣ እጅ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ለምን እንዳነሣው በልቡ ይጽፋል።

አባባ አነሡ። ያ በምስማር መንቀያ የቆሳሰለ እጃቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያው ቅጽበት፣ ከአዳራሹ ማዶ፣ ጊልማን ሶሲዬ አነሣ። ሁለቱ አልተያዩም። ከዚያ በኋላ የተነሣውን እጅ ሰብሳቢው ቆጥሮ አልጨረሰውም፤ አለፈ ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደ።

የእነሱ እጅ ከሌላው ሰው እጅ በፊት መነሣቱን እንዴት አየህ ትዪኝ ይሆናል። እኔም ጫማዬን ሳይ ነበር፤ ቀና ብዬ ያየኋቸው የራሴን እጅ ካነሣሁ በኋላ ነው።

እትዬ፣ ያዘጋጀሽላቸውን ክፍል አታፍርሺው፤ በበጋ ይዤአቸው እመጣለሁ፣ ግን ለጥየቃ ብቻ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ሥራው ይሄዳል፤ ቤቴም ሙቅ ነው። ጣራሽ በረዶውን ይቻለው፤ ደጃፍሽን የሚጠርግ ልጅ አይጥፋብሽ፤ የምትቀመጪበት ማዕዘን ሁሉ የሞቀ ይሁን። አባባ ሰላም ብለውሻል፤ እየጻፍኩ መሆኑን አይተው "ነፋስ ነው ብለህ ጻፍላት" ብለውኛል።

የሚወድሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ